ስድስት ቀን ባሌ፣ ከአክስቴ ልጅና ከአንድ ሳጥን የውሸት ዝንብ ጋር

የአክስቴ ልጅ ዴንቨር ነው የሚኖረው፣ ከሄደ 16 ዓመት አልፎታል። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ቪታሚንና ጫማ ነው ይዞ የሚመጣው፣ ባለፈው ታኅሣሥ ግን አንድ ረጅም ቱቦ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ከቦሌ ወጣ፣ እናቴ ደግሞ ስዕል የተጠቀለለበት መስሏት "የምን ስዕል ነው?" አለችው። ለካ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው፣ ያውም ሁለት፣ አንዱ ለኔ። ገና ሻንጣው ሳይከፈት "ባሌ ትራውት እንዳለ ታውቃለህ?" አለኝ። አላውቅም ነበር። ባሌ ከዚህ በፊት ሁለቴ ሄጃለሁ፣ ቀይ ቀበሮም አይቻለሁ፣ ስለ ዓሣ ግን ማንም ትንፍሽ ያለልኝ የለም። እኔ ከዓሣ ጋር ያለኝ ግንኙነት ዝዋይ ወርጄ ጥብሱን በአዋዜ እያጠቀስኩ መብላት ብቻ ነው እንግዲህ፣ ከዚህ ተነስተን ነው ወደ ወንዝ የገባነው።

ሐሙስ፣ አንደኛ ቀን

ከለሊቱ 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወጣን። በሻሸመኔም ይኬዳል፣ እኛ ግን በአዳማ፣ አሰላ፣ በቆጂ አድርገን መሄድን መረጥን። አጨዳ ስለሆነ የአርሲ ሜዳ ግማሹ ገለባ ግማሹ ኮምባይነር ነው፣ አቧራው መስኮት አያስከፍትም። በቆጂ ላይ ቆመን ሻይ ጠጣን፣ ደራርቱ ቀነኒሳ ጥሩነሽ የበቀሉባት ከተማ ናት፣ የአክስቴ ልጅ ሆዱን ዳበስ ዳበስ እያደረገ "እኔም እዚህ ብወለድ ኖሮ..." ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

ዶዶላ ልንገባ ስንል ጎማ ፈነዳ። ችግር የለም ብለን ስኮርታውን ስናወርድ ስኮርታውም ነፋስ የለው! መኪናውን ያከራየን ሰውዬ ቁልፉን ሲሰጠን "ምንም እንዳታስቡ" ብሎን ነበር፣ እውነትም ስላላሰብን ነው እዚያ የቀረነው። አንድ ባለ ሞተር ልጅ ጎማውን ከኋላው አስሮ ጎሚስታ ጋ ወስዶ አሠርቶ መጣ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስፋልት ዳር ቁጭ ብለን በሶ በጠበጥን። (ጾመ ነቢያት ነበር፣ እኔ እየጾምኩ ነው፣ እሱ "መንገደኛ ነኝ" ብሎ ራሱን ፈቶታል።)

ድንሾ ከመድረሳችን በፊት ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘኖች መንገድ ዳር ድረስ ወጥተው ይግጣሉ፣ ይሄ ለማንም የማይሰለች ነገር ነው። ፓርኩ መስከረም 2016 ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ጽሕፈት ቤቱ ድንሾ ላይ ነው፣ መግቢያውን ከፈልን፣ የዓሣ ማጥመጃውን ፈቃድ ጠየቅን፣ ጋይድም ያዝን። ጋይዳችን አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው ነው። የአክስቴ ልጅ የዝንቦቹን ሳጥን ከፍቶ አሳየው። ዝንብ ስል እውነተኛ ዝንብ አይደለም፣ ትንንሽ መንጠቆ ላይ በክር የተጠመጠመ ላባና ጸጉር ነው፣ ከሩቅ ስታየው ግን በእውነት ሊበር የተዘጋጀ ነገር ነው የሚመስለው። ጋይዱ አንዷን በሁለት ጣቱ አነሳት፣ ወደ ብርሃን ይዞ አገላበጣትና "ይሄ የቀይ አውራ ዶሮ አንገት ነው" አለ። ልክ ነው፣ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው የሚጠመጠመው፣ አንዷ ዝንብ አሜሪካ ሦስት ዶላር ምናምን እንደምትሸጥ ሲሰማ ግን ዝም አለና ሳጥኑን ራሱ ክድን አደረገው።

ዓርብ፣ ሁለተኛ ቀን

ጠዋት ዕቃውን ሁለት ፈረስ ላይ ጭነን በእግር ወደ ዌብ ሸለቆ ተጓዝን። ዌብ ማለት ታች ወርዶ ሶፍ ዑመር ዋሻን ሰንጥቆ የሚያልፈው ወንዝ ነው፣ እዚያ ሲደርስ ሌላ ሰው ነው፣ እዚህ ላይ ግን ሳር መሃል እየተጠማዘዘ የሚወርድ ብርድ የሆነ ውሃ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ዘለህ ትሻገረዋለህ። ከፊንጫ አበራ ፏፏቴ ብዙም ሳንርቅ ድንኳን ተከልን።

ከሰዓት ትምህርት ተጀመረ፣ ውሃ ላይ ሳይሆን ሳር ላይ። ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው ማጥመጃ ጫፉ ላይ ያለው እርሳስ ነው ክሩን እየጎተተ የሚሄደው፣ እዚህ ግን ዝንቧ ክብደት የላትም፣ ክብደቱ ያለው ወፈር ያለው ክር ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ክሩን ወደ ኋላ ትወረውርና ጀርባህ ላይ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ነው ወደ ፊት የምትልከው። ይቺ መጠበቅ የምትባል ነገር ናት የገደለችኝ። ካልጠበቅክ ክሩ ልክ እንደ ቡሄ ጅራፍ ጯ! ይልና ጫፉ ላይ ያለችው ዝንብ ተበጥሳ ትሄዳለች። ልጅ ሆኜ ጅራፍ በማስጮህ ሰፈር ያወቀኝ ሰው ስለሆንኩ በ20 ደቂቃ ውስጥ አራት ዝንብ አስጮህኩ፣ በዶላር አስሉት።

"ዘንጉን ፊት ለፊትህ 10 ሰዓት ላይ አቁመው፣ ወደ ኋላ ደግሞ 1 ሰዓት ላይ" ይለኛል የአክስቴ ልጅ።

"በሀበሻ ነው በፈረንጅ?" አልኩት። የምሬን ነው የጠየቅኩት። ጋይዱ ድምፅ በሌለው ሳቁ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ አደጋው መጣ። የአክስቴ ልጅ ማጥመጃዎቹን ሲያስተካክል መንጠቆዋ ጫፍ ላይ ያለችውን ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቃት ብሎኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ "ዓሣውን የምትይዘው እኮ እሷ ናት" ብዬ ተከራክሬ የኔን አላስነካም አልኩ። ንፋስ መጣ፣ ክሩ ዞረ፣ ዝንቧ ከጆሮዬ ጀርባ ገባች። የራሴ እሾህ ያለችው ዝንብ! ሲጎትታት አትወጣም። ጋይዱ ጭንቅላቴን እንደ በግ ያዘልኝ፣ የአክስቴ ልጅ የመንጠቆዋ ጉብጠት ላይ ክር አዞረ፣ የመንጠቆዋን ጀርባ በጣቱ ወደ ቆዳዬ ተጫነና "እሺ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ፣ አንድ..." ብሎ ሁለት ሳይል ጠቅ አድርጎ ሳባት። ወጣች። ብዙም አላመመኝም፣ ያመመኝ ኋላ አረቄ አምጥተው ቁስሉ ላይ ሲያፈሱት ነው። ማታ እሳት ዳር በባትሪ ብርሃን የሳጥኑን መንጠቆ ሁሉ አንድ በአንድ እኔው ራሴ ጨፈለቅኩ።

ቅዳሜ፣ ሦስተኛ ቀን

ለሊቱን አልተኛሁም፣ ብርዱ ሌላ ነው። ጠዋት የውሃ ኮዳዬ ውስጥ በረዶ ተሠርቷል፣ ድንኳኑ ላይ ያደረው ውርጭ እንደ ስኳር ይንኮሻኮሻል። ፀሐይ እስክትወጣ ማንም ወደ ውሃ አልሄደም፣ ዓሣውም በብርድ አፉን አይከፍትም ብሎ ጋይዱ አረጋጋን።

4 ሰዓት ላይ ወንዝ ወረድን። የአክስቴ ልጅ እስከ ደረቱ የሚደርስ ላስቲክ ሱሪውን ለብሶ፣ መነፅሩን አድርጎ፣ ኪሱ ሁሉ ተነፋፍቶ ጠፈርተኛ መስሏል። ቦት ጫማውን ከዴንቨር ሳይነሳ በፊት አጥቦ አድርቆ ነው ያመጣው፣ ምክንያቱም ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው በሽታ በጫማ ይተላለፋል፣ ኮሎራዶ ውስጥ ዓሣውን እያሽከረከረ የሚገድል በሽታ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሬይንቦው ትራውታቸውን ፈጅቶባቸዋል። ይሄን ሲያስረዳ ጋይዱ የራሱን ኮንጎ ጫማ ቁልቁል አየና "የኔ እዚህ ብቻ ነው የሄደው" አለ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም። የአክስቴ ልጅ ሲወረውር ማየት ደስ ይላል፣ ክሩ አየር ላይ ተዘርግቶ ዝንቧ እንደ ላባ ቀስ ብላ ታርፋለች፣ ግን ዓሣ የለም። ወንዙ መሃል ያለው ጥልቅ ቦታ ላይ ነው የሚወረውረው፣ እዚያ ነው መሆን ያለበት ይላል። ጋይዱ ሳር ላይ ቁጭ ብሎ ያያል፣ አይናገርም። በመጨረሻ እኔ ስጠይቀው ተነሳና ጎንበስ ብሎ፣ በጉልበቱ ማለት ይቻላል፣ እየተሳበ ወደ አንድ ጠርዝ ወሰደኝ። ውሃው ከስሩ አፈሩን ቦርቡሮት ሳሩ እንደ ጣራ ከላይ የተንጠለጠለበት ቦታ ነው። "ቤቱ እዚህ ነው" አለኝ በሹክሹክታ። "መሃል ላይ አሞራ ያየዋል። እዚህ ጥላ አለው፣ ምግቡም እላዩ ላይ ይወድቅለታል።" ፊቱን ወደ ላይኛው ውሃ አዙሮ ስለሚቆም ከኋላው መምጣት አለብህ አለ፣ ስትረግጥ ደግሞ ቀስ፣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል። ከዚያ ሳሩ ውስጥ እጁን ሰደደና አንድ ፌንጣ ይዞ አሳየኝ፣ ንፋስ ሲነሳ እነዚህ ናቸው ውሃ ውስጥ የሚወድቁት። ትንሽ ልጅ ሆኖ በልብስ ስፌት ክርና በፌንጣ ስንቱን እንዳወጣ በጣቱ ሊቆጥር ጀምሮ ተወው።

የአክስቴ ልጅ ሳጥን ውስጥ ፌንጣ የምትመስል ዝንብ ነበረች፣ አረንጓዴ ገላ፣ የጎማ እግር ያላት። ሁለት ክንድ ያህል ክር ብቻ አውጥቼ፣ መወርወር እንኳን ሊባል አይችልም፣ ጣል አደረግኳት። ሳሩን ነክታ ጠብ አለች። ውሃው ላይ ትንሽ ተንሳፈፈች፣ ከዚያ አንድ ቢጫ የሆነ ነገር ከጥላው ውስጥ ዘወር ብሎ መጣና ጠፋች። ደንግጬ ጎተትኩ፣ ደግነቱ ተይዟል፣ ዘንጉ ጎበጠ፣ እጄ ላይ የሚመጣው ንዝረት ስልክ ቫይብሬት ሲያደርግ ዓይነት ነው ብዬ ብፅፍ ትስቃላችሁ ግን እንደዚያ ነው። ጋይዱ "ቀስ! ቀስ! ልቀቅለት! አሁን ሳብ!" ይላል፣ የአክስቴ ልጅ መረቡን ይዞ ውሃ እያንቦራጨቀ ይሮጣል።

ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ግን ምን ዓይነት ነገር ነው! ጀርባው የቡና ቀለም፣ ሆዱ ቅቤ የመሰለ ቢጫ፣ ጎኑ ላይ ጥቁርና ቀይ ነጠብጣብ፣ ቀዩ ነጠብጣብ ደግሞ እያንዳንዱ ዙሪያውን ነጣ ያለ ቀለበት አለው፣ ሰው በብዕር ቁጭ ብሎ የሠራው ነው የሚመስለው። "እጅህን አርጥብ" አለኝ የአክስቴ ልጅ፣ በደረቅ እጅ ስትይዘው ገላውን የሸፈነው አንሸራታች ነገር ይለቅና ኋላ በሽታ ይገባዋል። አርጥቤ ያዝኩት። ፎቶ እስኪያነሳኝ ግን ተፈናጥሮ ከእጄ አመለጠ፣ ፎቶው ላይ ያለው የተከፈተ አፌና ባዶ መዳፌ ነው።

ማታ ክርክር ተነሳ። እኔ ቀጣዩን እንብላው ባይ ነኝ፣ ጋይዱም ለእራት የሚሆን ቢያዝ ችግር የለውም አለ፣ የአክስቴ ልጅ ግን እለቃለሁ አለ። "16 ዓመት አሜሪካ ኖረህ የመጣኸው ዓሣ አጥምደህ ልትለቅ ነው?" አልኩት። ከዚያ ይሄን ዓሣ ማን እንዳመጣው ተነሳ። ትራውት የሀገራችን ዓሣ አይደለም፣ ቡናማውም ሬይንቦውም በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ከኬንያ መጥተው እዚህ ወንዝ ላይ የተለቀቁ ናቸው፣ ኬንያ ያለው ቡናማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 እንግሊዞች ከስኮትላንድ ሐይቅ ያመጡት ነው። ስኮትላንድ፣ ኬንያ፣ ባሌ። ከኔ ፓስፖርት በላይ ማኅተም ያለው ዓሣ ነው ማለት ነው። "ኮሎራዶም እንደዚሁ ነው" አለ የአክስቴ ልጅ፣ እሱ ሁልጊዜ የሚይዛቸው ቡናማዎች ከአውሮፓ ናቸው፣ የሀገሬው ዓሣ ከጉሮሮው ስር ቀይ መስመር ያለው ካትስሮት የሚባለው ነው፣ ጀርባው አረንጓዴ የሆነው ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1937 ጠፍቷል ተብሎ ነበር፣ በኋላ ተገኝቶ በ1994 የስቴቱ ዓሣ አድርገውት፣ በ2012 ደግሞ ተመራማሪዎች ዲኤንኤውን ሲያዩት እስከዛሬ ያ ነው ብለው ሲንከባከቡት የነበረው አብዛኛው ሌላ ዘር ሆኖ ተገኘ፣ እውነተኛው አንዲት ትንሽ ጅረት ውስጥ ብቻ ቀርቶ ነበር። እንግዳው በቀለለት ቁጥር ባለቤቱ እየጠፋ። ጋይዱ ይሄን ሰምቶ "እዚህ እንቁራሪት አለ፣ ሌላ ሀገር የሌለ፣ ዓሣው ይበላው ይሆን?" አለ። ለዚህ ጥያቄ ማናችንም መልስ አልነበረንም፣ እኔ ግን በዚህ ስሌት ከሆነማ መብላቱ ነው ፅድቁ ብዬ አሰብኩ።

እሑድ፣ አራተኛ ቀን

ጠዋት አንድ እረኛ አባት በፈረስ መጡ፣ ከጋይዱ ጋር በኦሮምኛ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ከብት ዝናብ ልጅ ሁሉም ተጠየቀ፣ ከዚያ ከኮርቻቸው ስር ወተት አወጡ። ትኩስ ወተት፣ ጢስ ጢስ የሚል፣ በዚያ ብርድ! እኔ ጾም ነኝ። የአክስቴ ልጅ ዓይን ዓይኔን እያየ ሁለት ኩባያ ጠጣ። አባት አዘኑልኝና የገብስ ቆሎ ሰጡኝ። የያዝነውን ዘንግ አይተው ለጋይዱ አንድ ነገር አሉት፣ ምን አሉ ስለው "ይሄ ሁሉ ዕቃ ለዚያች ዓሣ ነው ወይ?" ነው ያሉት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ላይ እያልን አጠመድን። የአክስቴ ልጅ አምስት ያዘ (ጠርዝ ጠርዙን ይዞ፣ መሃሉን ትቶ፣ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ)፣ እኔ ሦስት። የመጨረሻዬ ጥሩ ነበረች፣ ከክርን እስከ አንጓ የምትሆን፣ ለእራት ትበቃለች። መንጠቆዋን ስነቅል፣ እሾህ ስለሌላት ያለምንም ችግር ወጣች፣ ዓሣዋ ውሃው ውስጥ መዳፌ ላይ ተኝታ አፏን ትከፍታለች ትዘጋለች። ጋይዱ ቢላዋውን አውጥቶ እየጠበቀኝ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ውሃው እጄን አደንዝዞት ይሆናል፣ ፊቷን ወደ ላይኛው ውሃ አዙሬ ያዝኳት፣ ጅራቷ ቀስ እያለ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ከዚያ በራሷ ሄደች። ጋይዱ ቢላዋውን መለሰው። የአክስቴ ልጅ ምንም አላለም፣ ያንን ፈገግታውን ግን በጥፊ ባጠፋሁለት ደስ ባለኝ።

ወደ ድንሾ ስንመለስ ጋይዱ ድንገት እጁን ዘርግቶ አቆመን። ቀይ ቀበሮ፣ ከኛ 60 ሜትር ቢርቅ ነው፣ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮዋን ወደ ፊት አድርጋ እንደ ድንጋይ ቆማለች። ዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ እዚህ ባሌ ነው፣ የሚጨርሳቸው ደግሞ ከመንደር ውሾች የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አንድ እግሯን አንስታ ስታስቀምጥ ሳሩ እንኳን አልተንቀሳቀሰም። ጋይዱ ወደኔ ጠጋ ብሎ "አየህ እንዴት እንደምትረግጥ?" አለኝ። ገባኝ፣ የትናንቱን ወንዝ ዳር እርምጃዬን ነው። ዘለለች፣ ሳተች፣ እኛን ገላመጥ አድርጋ ሄደች።

ሰኞ፣ አምስተኛ ቀን

በመኪና በጎባ አድርገን ሳነቴ ወጣን፣ ሐይቆቹን ለማየት። ጅብራው በጭጋጉ ውስጥ ሰው መስሎ ቆሟል፣ ትንንሾቹ ሐይቆች ላይ ዳክዬ አለ፣ ንፋሱ በር አያስከፍትም። ዘንግ አልፈታንም። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ላይ ፎቶ ተነስተን ራስ ምታታችንን ይዘን ወረድን፣ ስለዚህ ቀን ሌላ የምለው የለኝም። ማታ ድንሾ ላይ ጋይዱን ስንሰናበት የአክስቴ ልጅ ከጉርሻው ላይ የፌንጣዋን ዝንብ ጨምሮ ሰጠው፣ እሱም ኮፍያው ላይ ሰካት።

ማክሰኞ፣ ስድስተኛ ቀን

በሻሸመኔ ተመለስን። ዝዋይ፣ አሁን ባቱ የምንላት፣ ምሳ ላይ ደረስንና ሐይቁ ዳር ሁለት ቆሮሶ ጥብስ አዘዝን፣ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን አስተላልፌ። የአክስቴ ልጅ አጥንቱን ብቻ ነው ያስቀረው፣ "ይሄኛውን ለምን አትለቀውም?" ስለው "ይሄ የሀገሬው ነው፣ እንግዳ እኮ ነው የሚለቀቀው" አለ። ተገላቢጦሽ ነው፣ ግን አፌ ሙሉ ስለነበር አልተከራከርኩም።

እዚያው እያለን እናቴ ደወለች።

"ያዝክ?"

"አራት ያዝኩ፣ እማ።"

"ጎሽ የኔ ልጅ! በበረዶ አድርገህ አምጣው እንግዲህ፣ ለጎረቤትም ይደርሳል።"

"ለቀኳቸው።"

ትንሽ ዝም አለች። ከጀርባዋ የቡና ሙቀጫ ይሰማል።

"ስልኩን ለዚያ ልጅ ስጠው" አለችኝ።